ጾሙም አለ፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለሙም አለ፤ የደረቀውን ልብ ማደስ ግን ከየት ይጀመራል?

የጦሳ ሥር፣ ከደሴ (ሐምሌ 20)

የእግዚአብሔር ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቄ፣ ከሰፈራችን የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬና ዳዊት ደግሜ ያደግሁ፣ ዕድሜዬ 40ን ያለፈ፣ ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነኝ። ከባለቤቴ ጋር የተጋባነው በቁርባን ነው። ረቡዕና ዓርብን እጾማለሁ፤ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሳላጎድል እይዛለሁ፤ እሑድ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ። ይህን የምዘረዝረው ለመመጻደቅ ሳይሆን ችግሬ እምነት ማጣት እንዳልሆነ እንድትረዱልኝ ነው። ችግሬ ይህን ሁሉ የማደርገው ጠዋት መዝገብ ላይ ፈርሞ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ እንደሚያንቀላፋ ሠራተኛ መሆኑ ነው። ሰውነቴ ይቆማል፣ አፌ «ሃሌ ሉያ» ይላል፣ ሐሳቤ ግን የሱቄን ዕዳ ይቆጥራል።

መቼ እንደ ጀመረ ቀኑን ለይቼ መናገር ባልችልም ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ መሆኑን አውቃለሁ። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲደርስ ገና ጡት ያልጣለች ልጃችንን አዝለን ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደድን፤ ስንመለስም የንስሐ አባታችን ማረፋቸውን ሰማን። ለቀብራቸው አልደረስንም። ከእርሳቸው በኋላ ሌላ አባት ሳንይዝ፣ ዛሬ ነገ ስንል ዓመታት ሄዱ። ያለ ንስሐ አባት ደፍረን ወደ ቁርባን መቅረብ ስላልቻልን ሁለታችንም ከዚያ ወዲህ አልቆረብንም።

ትናንት የሐምሌ ገብርኤል ነበር። ዝናቡ ሌሊቱን ሲያካፋ አድሮ የጦሳ ተራራ በጉም እንደ ተሸፈነ፣ ስድስት ዓመት የሆናትን ልጄን ጃንጥላ ይዤላት ወሰድኋት። ዲያቆኑ በእርፈ መስቀሉ ሲያቀብላት ከኋላዋ ትከሻዋን ደግፌ ነበር። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ወጣች፤ ጠበል በጣሳ አምጥቼ አጠጣኋት። ጠጥታ ስትጨርስ «አባዬ፣ አንተና እማዬ የማትቆርቡት ስላደጋችሁ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። መንገድ ላይ ብስኩት ገዝቼ ጥያቄውን አስረሳኋት፤ በዚህም እስከ አሁን አፍራለሁ።

ቤት ገብቼ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአባታችንን ዳዊት አየሁት። የብራና ነው፤ ማኅደሩ ከእጅ ብዛት ወዝቷል። አባቴ በሕይወት ሳለ እርሱን ሳይደግም ጠዋት ውኃ አይቀምስም ነበር። እኔ ግን ከወንድሜ ጋር ከተለያየን ወዲህ ማኅደሩን ከፍቼው አላውቅም።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። መንፈሳዊ ሕይወቱ እንዲህ የደረቀበት ክርስቲያን ለመታደስ ከየት ይጀምራል? (መታደስ ስል ስሙ ከሚያከራክረው እንቅስቃሴ ጋር እንዳታያይዙብኝ አደራ እላለሁ፤ ሌላ ቃል አጥቼ ነው።) ፍልሰታ ሊገባ ዐሥር ቀን ገደማ ቀርቶታል። ፈቃድ ወስጄ ግሸን ማርያም ወጥቼ ሱባኤ ብይዝ ልቤ ይመለስልኝ ይሆን? ባለቤቴ አስቀድመን የንስሐ አባት እንያዝ ትላለች፤ አንድ ወዳጄ ደግሞ ዋናው የልብ ነገር ነው፣ ሥርዓቱ በኋላ ይደርሳል ይለኛል። ያለፋችሁበት ካላችሁ ምከሩኝ።


መሪጌታ ዘላስታ፣ ከወልድያ (ሐምሌ 21)

ወንድሜ ሆይ፣ ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እኔ መሪጌታ እንጂ ቄስ አይደለሁም፤ ስለዚህ ልመክርዎ እችል ይሆናል እንጂ ልፈታዎ አልችልም። ይህን ከወዲሁ ይያዙልኝ።

በቃሉ ልጀምር። «መታደስ» ብለው ስለ ጻፉ ይቅርታ መጠየቅዎ አሳዝኖኛል። ሰው ስለ ተከራከረበት ቃሉን ትተን የምንሄድ ከሆነ ዳዊትንም ልንተው ነው። በግዕዙ 50ኛ፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ 51ኛ በሆነው መዝሙር «ልበ ንጹሐ ፍጥር ሊተ እግዚኦ፤ ወመንፈሰ ርቱዐ ሐድስ ውስተ ከርሥየ» ይላል። ሁለቱን ግሦች ልብ ይበሏቸው፤ «ፍጥር» እና «ሐድስ»። መፍጠርም ማደስም የፈጣሪ ሥራ ነው፤ ዳዊት ልቤን አነጻለሁ፣ መንፈሴን አድሳለሁ አላለም፤ ለመነ እንጂ። የለመነውም ነቢዩ ናታን ፊት ለፊት ቆሞ ኃጢአቱን ከነገረው በኋላ ነው። መዝሙሩን በቃላችን ስለምንለው ይህች ቅደም ተከተል ታመልጠናለች።

ሁለተኛው ነገር ስለ ስሜት ነው። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 2 ለኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን መልአክ የተጻፈው የእርስዎን ሁኔታ እጅግ ይመስላል። ሥራህን፣ ድካምህን፣ ትዕግሥትህን ዐውቃለሁ ይለዋል፤ የቀደመውን ፍቅርህን ግን ትተሃል ብሎ ይወቅሰዋል። መድኃኒቱን ሲያዝለት የቀደመውን ስሜትህን ፈልግ አላለውም፤ ከወዴት እንደ ወደቅህ አስብ፣ ንስሐም ግባ፣ የቀደመውንም ሥራህን አድርግ ነው ያለው። ማሰብ፣ መመለስ፣ መሥራት ነው። እንባ ሲመጣ ጸጋ ነው፤ ሲቀር ግን ጸሎቱ አልተሰማም ማለት አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ሳለን፣ በላስታ ብርድ ሌሊት ድጓ ስንቀጽል፣ ዜማው ለእኛ ለራሳችን እንጨት እንጨት ይለን ነበር፤ ማለዳ ላይ ግን ቃሉ ሳናውቀው ገብቶ እናገኘዋለን።

የንስሐ አባትን በተመለከተ ባለቤትዎ ትክክል ናቸው። አባት ሲያርፍ ሌላ መያዝ የተገባ ነው፤ የቀድሞውን መክዳት አይደለም። በዚሁ በወሎ የሆነውን ያስታውሱ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ካህን ሆነው ሲያስተምሩ ከቆዩ በኋላ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ መጥተው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን ባቀኑት በአባ ኢየሱስ ሞአ እግር ሥር እንደ ተማሪ ተቀምጠዋል። አባ ኢየሱስ ሞአም ራሳቸው ወደ ሐይቅ ከመምጣታቸው በፊት በደብረ ዳሞ የአባ ዮሐኒ ደቀ መዝሙር ነበሩ። ወዳጅዎ የልብ ነገር ነው ማለታቸው እውነት ሆኖ ሳለ፣ ልብ ራሱን አይቶ ራሱን የሚፈታ ቢሆን ኖሮ እርስዎም ይህን ጥያቄ ባልጻፉ ነበር።

ግሸን ቅርጿ መስቀል በሆነ አምባ ላይ ያለች፣ ግማደ መስቀሉ ያረፈባት ደብር ናትና አይውጡ ብዬ አፌን አላላቅቅም። ነገር ግን ሱባኤ ከሰው መሸሻ ሲሆን አይቻለሁ። ጥሬ ቆርጥሞ፣ ድንጋይ ተንተርሶ የከረመ ሰው ከአምባው ወርዶ መናኸሪያ ሲደርስ ከመኪና ረዳት ጋር በሁለት ብር ሲተናነቅም አይቻለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በጽሑፍዎ ውስጥ «ከወንድሜ ጋር ከተለያየን ወዲህ» የምትል ሐረግ አለች። ስለ ስደቱ አንድ ሙሉ አንቀጽ ጻፉ፤ ስለ ዝናቡና ስለ ብስኩቱ ሳይቀር ጻፉ፤ ለወንድምዎ የደረሰችው ግን ያቺ ግማሽ መስመር ብቻ ናት። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» ብሎ፣ በተቀደሰ ሰላምታ እርስ በርሳችሁ እጅ ተነሣሡ ሲል፣ የማን ፊት ይመጣብዎታል? ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባህን በመሠዊያው ላይ ስታቀርብ ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ መባህን በዚያ ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ታረቅ ብሏል። አንተ በእርሱ ላይ ያለህን ነገር ብታስብ አላለም፤ እርሱ በአንተ ላይ ያለውን ነው ያለው። ያለ ቦታዬ ገብቼ ከሆነ ይማሩኝ።

ዳዊቱን ግን ይጀምሩት። እንደሚያውቁት 150ው መዝሙር በዐሥር በዐሥሩ ተከፍሎ 15 ንጉሥ ነው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ በቀን አንድ ንጉሥ ቢደግሙ ጾሙ ሲያልቅ ዳዊቱም ይዘልቃል። ልብ ቢኖርም ባይኖርም ይድገሙት።


ነርሷ፣ ከኮምቦልቻ (ሐምሌ 21)

እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ። በምንለያይበት ነገር እዚህ ለመከራከር አልመጣሁም፤ ስለ ሥርዓቱም የመሪጌታን ያህል የምለው የለኝም። በሥራዬ ካየሁት ተነሥቼ ግን ጥቂት ልበል።

በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ነፍሴን ውሰድ ብሎ ለመነ። እንቅልፍም ወሰደው። የመጣው መልአክ ስለ እምነቱ ድካም አንድ ቃል አልተናገረውም፤ እንጎቻና ውኃ አቅርቦ ተነሥተህ ብላ አለው። በልቶ እንደገና ተኛ፤ መልአኩም እንደገና ቀስቅሶ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። ወደ ኮሬብ የሄደው ከዚህ በኋላ ነው። ከስደት የተመለሱ ብዙ ሰዎች ወደምሠራበት ክፍል ይመጣሉ፤ «ጸሎት አስጠላኝ» የሚሉኝን እንቅልፋቸውን ስጠይቃቸው በሌሊት ሦስት አራት ጊዜ በር ለማየት እንደሚነሡ ይነግሩኛል። እርስዎም እንዲህ ከሆነ፣ በር ሲንኳኳ ወይም ጎማ ሲፈነዳ ልብዎ የሚዘል ከሆነ፣ ሐኪም ማማከር እምነት ማጉደል አይደለም፤ ከጸሎቱ ጎን ለጎን የሚሄድ ነገር ነው።

ደግሞም ራስዎን ፈርሞ ከሚገባ ሠራተኛ ጋር ማመሳሰልዎ አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የጠፋው ልጅ ወደ አባቱ ሲመለስ በመንገድ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ መጨረሻው «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» የሚል ነበር። አባቱ ግን ገና ሩቅ ሳለ አይቶት ሮጦ አቀፈው፤ ልጁም ያቺን የመጨረሻዋን ቃል ሳይናገራት ቀረ። በሠራተኛነት ልቀጠር የሚለውን ልመና አባትየው አላስጨረሰውም።


የጦሳ ሥር፣ ከደሴ (ሐምሌ 22)

የኔታ፣ ያቺን ግማሽ መስመር ባያዩብኝ ደስ ባለኝ ነበር። እህቴ ከኮምቦልቻ፣ ስለ በሩ የጻፉትን ባለቤቴ አንብባ ዝም ብላ ተመለከተችኝ፤ ሌሊት እንደምነሣ የምታውቀው እርሷ ናት። ሐኪም አያለሁ።

የወንድሜን ነገር በአጭሩ ልናገር። ታላቄ ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ ቤቱን ሳንካፈል ጦርነቱ መጣ፤ እኔ ስሰደድ እርሱ ቤቱን ልጠብቅ ብሎ ቀረ። ስመለስ «ነፍሴን አስይዤ የጠበቅሁት ቤት ነው» ብሎ ከእኩሌታ በላይ ጠየቀ። በሽማግሌ ተካፈልን፤ ድርሻዬ እንደ ተጓደለ ዛሬም አምናለሁ። እርሱ ውጫሌ ገብቶ መኖር ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ በለቅሶ ቤት እንኳ ስንገናኝ ጎን ለጎን አንቀመጥም።

እስከዚህ ድረስ የተበደልሁት እኔ ነኝ ብዬ ነው የኖርሁት። ትናንት ማታ «እርሱ በአንተ ላይ ያለውን» የሚለውን ሳነብ ግን ዓይኔ ሳላዝዘው ወደ ግድግዳው ሄደ። አባታችን ዳዊቱን ለታላቄ ነበር የተናገረለት። ዕቃ ስንካፈል፣ ቤቱን ከወሰድህ እኔ ይህን እወስዳለሁ ብዬ፣ ማንም ሳያየኝ በጋቢዬ ሥር አድርጌ ወጣሁ። ለባለቤቴም አልነገርኋት፤ ለእኔ የተሰጠኝ ነው የሚመስላት። አሁን ይህን ስጽፍ ነው ያወቀችው።

ነገር ግን የኔታ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። እኔስ በእርሱ ላይ ያለኝ? ይቅር ማለት ማለት ድርሻዬን መተው ማለት ነው?


እናት፣ ከሐይቅ (ሐምሌ 23)

ልጄ፣ ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ እኔ እየተናገርሁ ነው።

በ1977 ድርቅ ጊዜ ሁለት ልጆች ቀብሬአለሁ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት የቤተ ክርስቲያን አጥር አልነካሁም። አላመንሁም ማለት አይደለም፤ እግዚአብሔር አለ፣ ግን ከእርሱ ጋር አልነጋገርም ነበር። ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተኳርፎ በአንድ ግቢ እንደሚኖር ነው የኖርሁት። አንተ ደረቀ ያልኸው ልብ ይህን ይመስል እንደሆነ አላውቅም፤ የእኔ ግን ድርቀት ብቻ አልነበረም፣ ቁጣም ነበረበት።

የመለሰኝ ስብከት አይደለም። ጎረቤቴ ለመገበሪያ የምትሰጠውን ስንዴ በሰፌድ ይዛ መጣችና ዓይኔ አልይልኝ ብሏል፣ ልቀሚልኝ አለችኝ። እንቢ ማለት ነውር ስለሆነብኝ ተቀበልሁ። ቁጭ ብዬ እንክርዳዱን ከስንዴው፣ ጠጠሩን ከስንዴው ስለይ፣ ይህ እኮ ሥጋው የሚሆነው ነው የሚል ሐሳብ መጣብኝና እጄ ቆመ። ደግሞ ቀጠልሁ። በሚቀጥለው ወርም አመጣችልኝ። ዓይኗ ደኅና እንደነበረ ያወቅሁት ኋላ ነው፤ በመርፌ ቀዳዳ ክር ስታስገባ ደረስሁባት።

ኋላ አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ዘንድ ቀርቤ ተናዘዝሁ። እግዚአብሔርን ተቀይሜዋለሁ አልኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ እርሳቸው እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ቀኖናው ይከብደኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ትንሽ ስግደት ሰጡኝና ዓመት ሙሉ የልጆችሽን የክርስትና ስም በቅዳሴ አስጠሪ አሉኝ። ስማቸውን ከአፌ አውጥቼ የማላውቃቸውን ልጆች በየሳምንቱ ለዲያቆኑ መናገር ነበረብኝ። ከስግደቱ ይልቅ ያ ነበር የከበደኝ። ልቤ መቼ ተመለሰ ብትለኝ ቀኑን አላውቀውም። እስጢፋኖስ ገዳሙ ሴት ስለማይገባበት ከወዲያኛው በር ቆመን የሚሰማንን ያህል እንሰማለን፤ አንድ ቀን እንዲሁ ቆሜ ሳለሁ ከእግዚአብሔር ጋር ኩርፊያ ላይ እንደ ነበርሁ ረስቼው አገኘሁት። ይህ የሆነው ከተናዘዝሁ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ፍልሰታ 15 ቀን ናትና በእርሷ ልጨርሰው ብለህ አትቸኩል።

ዳዊቱን ስጠው ልጄ። ታነበዋለህ? አታነበውም። ግድግዳ እያስጌጠ ነው።


የሐብሩ ልጅ፣ ከመርሳ (ሐምሌ 23)

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ በእናቴ ወገን ያሉ ዘመዶቼ ግን ክርስቲያኖች ስለሆኑ ጉዳዩ እንግዳ አልሆነብኝም። ስለ ንስሐው አልናገርም። አባቴ በአገራችን አባጋር ሆነው የተጣላ ሲያስታርቁ ነው ያደግሁት፤ በእርሳቸው ዘንድ ያየሁትን አንድ ነገር ብቻ ልጠቁም። ወንድምዎን በስልክ አይጀምሩት። ስልክ ድምፅ ያቀብላል እንጂ ፊት አያሳይም፤ «እህ» ማለት በስልክ ስድብ ይመስላል። ሁለታችሁም የምታከብሩት፣ ከቤቱ ድርሻ የሌለው ሰው ይላኩ። የሚላከውም ሰው ክርክሩን ይዞ አይሂድ፤ ዕቃውን ብቻ ይዞ ይሂድ።


መሪጌታ ዘላስታ፣ ከወልድያ (ሐምሌ 23)

ከሐይቅ ለጻፉልን እናታችን እጅ ነሥቻለሁ፤ ከእርሳቸው በኋላ ብዙ መናገር አይገባኝም። የኮምቦልቻዋ እህታችንም፣ ወሎ በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ ወዲህ የሃይማኖት ክርክር ተርቦ አያውቅም፤ ስለ ኤልያስ በጻፉት ግን የምከራከርዎ ነገር የለኝም።

ለጥያቄዎ፦ የድርሻ ጉዳይና የቂም ጉዳይ ሁለት ነገር ነው። ድርሻዎ ተጓድሎ ከሆነ ሽማግሌ እንደገና ቢያየው ኃጢአት የለበትም፤ ይቅርታ ዳኝነትን አያጠፋም። ቂሙን ግን የቤቱ ጉዳይ እስኪያልቅ ድረስ በመያዣ ሊያቆዩት አይችሉም። ከመያዣው አንዱ ደግሞ ዳዊቱ ነበረ። ለካህኑ ሲናዘዙ የቤቱን ታሪክ ባያስረዝሙትም ጋቢውን አይርሱት።


የጦሳ ሥር፣ ከደሴ (ነሐሴ 4)

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግሸን አልወጣሁም።

ሐምሌ 26 ከባለቤቴ ጋር ወደ አጥቢያችን ካህን ሄድን። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጽድ ሥር ቆመው አገኘናቸው፤ ተራዬ ሲደርስ ዝናቡ በረታና አንዱን ጃንጥላ ለሁለት ይዘን ነው የተናዘዝሁት። ለዚያ ሁሉ ዓመት የፈራሁት ነገር ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ጃንጥላው ወደ እኔ ሲያዘነብል እርሳቸው ትከሻቸው ራሰ፤ ወደ እርሳቸው ስገፋው ደግሞ መልሰው ወደ እኔ ገፉት። ጋቢውን አልረሳሁትም። ቀኖናው የእኔ ስለሆነ አልዘረዝረውም። መቼ እንደምንቆርብም የሚነግሩን እርሳቸው ናቸው፤ ባለቤቴ ቀኑን እኛ እንዳንቆርጠው አሳስባኛለች።

ዳዊቱን የመርሳው ወንድማችን እንደመከረኝ በአክስታችን እጅ ወደ ውጫሌ ላክሁት። ከመላኬ በፊት ማኅደሩን ከፈትሁት፤ ከመጽሐፉ ቅጠሎች መካከል አባቴ ምልክት ያደርግባቸው የነበሩ ቀይና ጥቁር ክሮች ነበሩ፤ እንዳሉ ተውኋቸው። አክስቴ ስትመለስ ነገሩን እንዲህ ነገረችኝ፦ ወንድሜ ተቀብሎ ተሳለመው፤ ክሮቹን አንድ በአንድ ነካካቸው፤ ከዚያ ቡና እንዲፈላላት አዘዘ። ስለ እኔ አልጠየቀም። ሦስተኛውን ሲጠጡ ብቻ «ልጁ ስንት ዓመቷ ሆነ?» አለ። ልጄን ማለቱ ነው። ከፍልሰታ በኋላ ሽማግሌ ልኬ የምጠይቀውን እጠይቃለሁ፤ ይመጣ እንደሆነ ገና የታወቀ ነገር የለም።

ለራሴ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ከሚሸጡት በወረቀት የታተመ ዳዊት ገዛሁ። ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ ግዕዙንም በልጅነቴ ያህል አልዘልቀውም፤ አንዳንዱ ቤት ላይ እንደ ጀማሪ ተማሪ እንቀፋቀፋለሁ። ልጄ የስልኩን መብራት ይዛልኝ ትቆማለች፤ ስሳሳት ባታውቀውም ሳቆም ታውቃለች። ልቤ ሞላ ብዬ አልዋሻችሁም። ሁለተኛውን ንጉሥ ስደግም ሐሳቤ ወደ ሱቁ ሄዶ ሦስት መዝሙር ያህል ቆይቶ ተመለሰ። ድሮ ግን ሄዶ በዚያው ነበር የሚቀረው።

ሌሊትም ትናንት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተነሣሁት። ሐኪሙ ዘንድ የቀጠሮ ቀኔ ነሐሴ 11 ነው።

ዛሬ አራተኛው ንጉሥ ነው፤ «ብፁዓን እለ ተኀድገ ሎሙ ኃጢአቶሙ» ብሎ ይጀምራል። ልጄ መብራቱን ይዛ ቆማለች፤ ልሂድ።